ራይጌት ሂል፦ ለንደንን ለመጠበቅ የተሠራው የአካፋ ምሽግ

ከለንደን መሐል ተነስታችሁ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከፍታው ብዙም አይሰማም። ኤም 25 የሚባለውን የከተማዋን ቀለበት መንገድ አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከፊታችሁ ቁልቁለት ነው። ከታች የራይጌት ከተማ ጣሪያዎች ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳና ጫካ ነው።

ይህ ቦታ ራይጌት ሂል ይባላል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 235 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ ላደገ ሰው 235 ሜትር ኮረብታ ለመባልም የሚበቃ አይመስለው ይሆናል። ለደቡብ እንግሊዝ ግን ትልቅ ነገር ነው። ኖርዝ ዳውንስ የሚባለው የጠመኔ ድንጋይ ሰንሰለት በለንደን በኩል ለስላሳ ዳገት፣ በደቡብ በኩል ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ከደቡብ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ለንደን መግባት የሚፈልግ ጦር ይህን ግድግዳ መውጣት አለበት።

መኪናችሁን ካቆማችሁ በኋላ ዋናውን መንገድ በእግረኛ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ድልድዩ በ1910 የተሠራ ነው፤ በአገሩ በአርማታ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የእግረኛ ድልድዮች አንዱ ነው። ከዚያ በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት እንደተራመዳችሁ የብረት በር ታገኛላችሁ። ክፍት ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ገብታችሁ ዞር ዞር ስትሉ የመጀመሪያው ጥያቄ "ታዲያ ምሽጉ የት አለ?" የሚል ነው።

ግንብ የለም። ማማ የለም። መድፍ የለም። የፋሲልን ግንብ በልቡ ይዞ የሄደ ሰው ቅር ይለዋል። ያለው ሣር የለበሰ የአፈር ክምር ነው፤ ከክምሩ ሥር ደግሞ የተቀበሩ የኮንክሪት ክፍሎች። ሰዉ ሁሉ "ራይጌት ፎርት" ይበለው እንጂ የጦር ሚኒስቴሩ በወረቀት ላይ ያወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ "የክተት ማዕከል"። ክተት ሲታወጅ የሚከፈት ቤት ማለት ነው።

ያ ቅርታ ነው ይህን ያጻፈኝ። ብዙዎች ይህን ቦታ አንድ ጥይት ሳይተኮስበት የቀረ የባከነ ገንዘብ አድርገው ይነግሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የራይጌት ምሽግ መጥፎ ምሽግ ስለሆነ አይደለም ምንም የማይታይበት። ብልህ ሰዎች አስበውበት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በተለይ ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጥር የሌላት መዲና

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ቅጥርና ምሽግ ነበራት። አንትወርፕም ነበራት። የዓለም ትልቋ ከተማ የነበረችው ለንደን ግን እጇን ዘርግታ የተኛች ነበረች። የእንግሊዝ ግንብ ባሕሩ ነው፣ የባሕሩ ዘበኛ ደግሞ የባሕር ኃይሉ ነው ይባል ነበር። በ1860ዎቹ በጠቅላይ ሚኒስትር ፓልመርስተን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ፈሶ ትልልቅ ምሽጎች ሲሠሩ እንኳን የታጠሩት ፖርትስመዝንና ፕሊመዝን የመሳሰሉ የመርከብ ወደቦች ናቸው። መዲናዋን የነካት የለም።

ከዚያ 1870 መጣ። ፕሩሺያ የፈረንሳይን ጦር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰብራ ፓሪስን ከበበች። ፓሪስ አራት ወር ተርባ እጇን ሰጠች። እንግሊዞች ይህን በጋዜጣ እያነበቡ "እኛስ?" አሉ። በ1880ዎቹ ስጋቱ ፊቱን ወደ ፈረንሳይ አዞረ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እየጠነከረ ነበር። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ነፋስ አይጠብቅም፤ ጠባቡን ባሕር በአንድ ሌሊት ይሻገራል። ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ለመቆፈር የተጀመረው ሥራ እንኳን በ1882 የቆመው ጄኔራሎቹ "ለጠላት በር እየከፈታችሁ ነው" ብለው ስለጮኹ ነው።

በ1888 ጩኸቱ ጣሪያ ነካ። የጦሩ ከፍተኛ ሰው ጄኔራል ወልስሊ በጌቶች ምክር ቤት ተነስተው፣ ወራሪ ቢያርፍ ጦሩ መዲናዋን ለማዳኑ ዋስትና መስጠት እንደማይቻል በግልጽ ተናገሩ። ጄኔራል ኤድዋርድ ሃምሊ ደግሞ የፓርላማ አባል ነበሩ። እሳቸው የያዙት ነገር ከጩኸት ይሻል ነበር፤ መፍትሔ ይዘው ነው የቀረቡት። አገሪቱ ከ200,000 በላይ በጎ ፈቃደኛ ወታደሮች ነበሯት። የሱቅ ሠራተኛው፣ ጸሐፊው፣ አናጺው በትርፍ ሰዓቱ ሰልፍና ተኩስ ይለማመዳል። ሜዳ ላይ አውጥታችሁ ከፈረንሳይ መደበኛ ጦር ጋር ብታጋጥሙት ያልቃል። ኮረብታ ላይ ጉድብ ውስጥ ብታስገቡት ግን ይዋጋል። የሃምሊ ነጥብ ይሄ ነው።

ነጥቡ ቀላል ይምሰል እንጂ ሁሉም ነገር የሚነሳው ከእሱ ነው። ለንደን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ባንኩ እዚያ ነው። መንግሥቱ እዚያ ነው። ዋናው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ዉልዊችም እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ለንደን ከተያዘች ጦርነቱ አበቃ። ከተማዋን ዙሪያውን በግንብ ማጠር ደግሞ የማይታሰብ ወጪ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "እንዴት እናጥራት?" መሆኑ ቀረና "በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት ልናጥራት እንችላለን?" ሆነ።

115 ኪሎ ሜትር በካርታ ላይ

ዕቅዱን በ1888 ያሰናዱት ጆን አርዳ የሚባሉ የመሐንዲስ ክፍል መኮንን ናቸው። የጦር ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ስታንሆፕ ደግሞ ተቀብለው ለምክር ቤቱ አቀረቡት። መስመሩ ከጊልፎርድ ይነሳል። በኖርዝ ዳውንስ ጫፍ ጫፍ ተከትሎ በሰሪና በኬንት አውራጃዎች እስከ ዳረንት ሸለቆ ይሄዳል። የቴምዝን ወንዝ ይሻገርና በኤሴክስ በኩል እስከ ኖርዝ ዊልድ ይወጣል። በጠቅላላው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ የተሠሩት ማዕከሎች 13 ብቻ ናቸው። እነዚህ 13 ቤቶች ብቻቸውን ምንም አይጠብቁም። መስመሩ ጉድቡ ነው፤ ጉድቡ ደግሞ በሰላም ጊዜ የለም። ቦታው ተለክቶ በካርታ ላይ ተቀምጧል። ገበሬው በጎቹን ያሰማራበታል። ጠላት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተቃረበ ሲባል በጎ ፈቃደኞቹ በባቡር ይመጣሉ። ከማዕከሉ አካፋ፣ ዶማና መጥረቢያ ይቀበላሉ። በካርታው መሠረት ወጥተው ይቆፍራሉ። ጥይታቸውን ከዚያው ከማዕከሉ ግምጃ ቤት ይወስዳሉ። በፈረስ የሚጎተተው መድፍ መጥቶ በተዘጋጀለት ቦታ ይቆማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶው ኮረብታ ምሽግ ይሆናል።

ራይጌት ላይ የመሣሪያ ማከማቻው ራሱን የቻለ ቤት ነው። ምሽጉን የሚጎበኝ ሰው ብዙ ጊዜ መጋዘን ብሎ ያልፈዋል። ሮጦ የሚሄደው ወደ ባሩድ ቤቱና ወደ ተኳሾቹ ጉድብ ነው። እኔን ግን አንድ ቤት ብቻ እንድታዩ ብትጠይቁኝ ያን መጋዘን እላችኋለሁ። የዕቅዱ ልብ እዚያ ነው። የዚህ ምሽግ ዋና መሣሪያ አካፋ ነው።

ለምን ዝቅ አለ?

ስለ አካፋ ያስተማረቻቸው ፕሌቭና ናት። በ1877 የቱርኩ ጄኔራል ኦስማን ፓሻ ዛሬ ቡልጋሪያ ውስጥ ባለችው በዚያች ከተማ ዙሪያ አፈር ቆፍረው ጦራቸውን አስገቡ። የነበራቸው አካፋና በፍጥነት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። የሩሲያን ትልቅ ጦር አምስት ወር ገደማ አቆሙት። ሩሲያውያን ደጋግመው እየገፉ መጡ፤ ደጋግመው ረገፉ። መጨረሻ ላይ ከተማዋ የወደቀችው በረሃብ ነው። ይህን ነገር የአውሮፓ መኮንኖች ሁሉ ተመለከቱት። አብዛኛው አጥንቶ ረሳው።

ያልረሳው ጆርጅ ሲደናም ክላርክ የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ ነው። ክላርክ በ1882 እንግሊዞች እስክንድርያን በመርከብ መድፍ ከደበደቡ በኋላ ሄዶ የወደቀውንና የቆመውን ግድግዳ ለክቷል። የደረሰበት ድምዳሜ ለግንበኞች መራራ ነበር። የሚታይ ነገር ይመታል። ድንጋይ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ፍንጣሪው የራስህን ሰው ይገድላል። አፈር ሲመታ ይውጠዋል። ስለዚህ ምሽግ አፈር ይሁን፣ ዝቅ ይበል፣ ከሩቅ ሲታይ ኮረብታ ብቻ ይምሰል። በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከባሩድ እጅግ የሚበረታ አዲስ ፈንጂ መጣና የድሮውን የድንጋይ ምሽግ ሁሉ ዋጋ አሳጣው።

የራይጌት ምሽግ በ1898 ሲያልቅ በዚህ ትምህርት የተሠራ ነበር። በደቡብ በኩል፣ ጠላት ይመጣል በተባለበት አቅጣጫ፣ ያለው ለስላሳ የአፈር ተዳፋት ነው። ከሩቅ መነጽር ለሚያይ መድፈኛ ዒላማ የለም። ከተዳፋቱ ሥር ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የማይወጣ የብረት አጥር ቆሟል። አጥሩ ሲሠራ ቁመቱ ከመሬቱ ጋር ተለክቶ ስለነበር ከፊት ለፊት አይታይም። ጠላት ተዳፋቱን ወጥቶ ሲያበቃ ነው አጥሩ ላይ የሚደርሰው፤ ያኔ ደግሞ ከላይ ጉድቡ ውስጥ ያለው ተኳሽ ይጠብቀዋል። ከአፈሩ ጀርባ፣ በለንደን በኩል፣ የኮንክሪት ክፍሎች አሉ። ፊታቸው ከጠላት ዞሯል። የብረት መዝጊያ አላቸው። ወታደሩ መድፍ ሲዘንብ እዚያ ይጠለላል፤ ሲያበራ ወጥቶ ጉድቡን ይይዛል። በምሽጉ ውስጥ ለመድፍ የተተከለ ቋሚ ቦታ ስለሌለ መድፉ እየተንቀሳቀሰ ይዋጋል።

ፋኖሱ የነበረበት መስኮት

የጥይት ግምጃ ቤቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሥራው ከሁሉም የተራቀቀበት ክፍል ነው።

ግምጃ ቤቱ ከመሬት ሥር የተቀበረ ኮንክሪት ነው። መስኮት የለውም። ባሩድና ጥይት የሞላበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው መሥራት አለበት። ብርሃን ያስፈልገዋል። የዘመኑ ብርሃን ደግሞ የዘይት ፋኖስ ነው፤ እሳት። ባሩድና እሳትን አንድ ቤት እንዴት ታደርጋቸዋለህ?

የቪክቶሪያ ዘመን መሐንዲሶች መልስ አላቸው። ግድግዳው ላይ ጎድጎድ ያለ የፋኖስ ማስቀመጫ ይሠራሉ። በባሩዱ ክፍል በኩል ወፍራም መስታወት ይገጠምና ይታሸጋል። ፋኖሱ የሚገባውና የሚወጣው ከማዶ፣ በሌላ መተላለፊያ ነው። ፋኖስ የሚለኩሰው ሰው ባሩዱ ክፍል አይገባም። ባሩድ የሚሸከመው ሰው ፋኖሱን አይነካም። ብርሃኑ ብቻ በመስታወቱ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ግምጃ ቤት የሚሠራ ወታደር ከመግባቱ በፊት ልብሱን ይለውጣል፤ ብረት ያለበትን ጫማ ያወልቃል። አንዲት የሚስማር ብልጭታ ኮረብታውን ታነሳዋለችና። ዛሬ ክፍሉ ባዶ ነው። ያ የፋኖስ ቦታ ግን ስለ ምሽጉ ሠሪዎች ከማንኛውም የጽሑፍ ሰሌዳ የበለጠ ይናገራል። ሰው ይሳሳታል ብለው አስበው ነው የሠሩት፤ ሲሳሳትም እንዳይሞት።

መቅደላ

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ኮረብታ፣ ምሽግ የሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ የኛ ሰው ልብ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የእኔም ሄዷል።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ወረረ። አፄ ቴዎድሮስ የቀራቸው ጥቂት ሰው ነበር። ጋፋት ላይ አሠርተው በስንት መከራ ያስጎተቱት ትልቁ መድፍ ሴቫስቶፖል አልሠራላቸውም። አምባው ራሱ ግን ገደል ነው፤ መግቢያው ጠባብ ነው፤ በሩ ተዘግቷል። እንግሊዞቹ ኮኬት በር ደርሰው በሩን በባሩድ እናፍርስ ሲሉ መሐንዲሶቹ ባሩዱን አላመጡትም። መሰላሉንም አላመጡትም። ረስተውት ነው የወጡት። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ዝሆን ጭኖ፣ ከዙላ ጀምሮ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣ ጦር በር ላይ ደርሶ ዕቃ ጎደለው። በስተጎን ጥቂት ወታደሮች ቅጥሩን በትከሻ ተገፋፍተው ወጥተው በሩን ከውስጥ ባይከፍቱት ኖሮ ዝናብ እየወረደባቸው እዚያው ይቆሙ ነበር። ቴዎድሮስም በሁለተኛው በር አጠገብ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

የራይጌት መጋዘን ከመቅደላ የተወሰደ ትምህርት ነው አልልም። እንዲህ የሚያሰኝ ማስረጃ የለኝም። ግን ከ30 ዓመት በኋላ የዚያው የመሐንዲስ ክፍል ሰዎች ሌላ ኮረብታ ላይ ሲሠሩ ከሁሉ በፊት ያሰቡት "ዕቃው በሰዓቱ እዚያ ይገኝ" የሚለውን መሆኑን ሳይ ኮኬት በር ትዝ ይለኛል።

ጠላት የጠፋበት ምሽግ

1898 ዓመቱ ራሱ የሚገርም ነው። ምሽጉ ባለቀበት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ እውነትም ለጦርነት ተፋጠጡ። ምክንያቱ ከራይጌት እጅግ የራቀ ነበር፤ ነጭ ዓባይ ላይ ያለች ፋሾዳ የምትባል መንደር። የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን ሐምሌ ላይ ደርሶ ባንዲራውን ተክሏል። የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ ካሸነፈ በኋላ መርከብ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ሰኔ ላይ የአፄ ምኒልክ ጦር በደጃዝማች ተሰማ ናደው መሪነት፣ ከፈረንሳይ ተልዕኮ የመጡ ሰዎችና አንድ የሩሲያ መኮንን አብረውት ሆነው፣ ነጭ ዓባይ ደርሶ ነበር። ማርሻን ገና አልመጣም። በሽታው ጦሩን ሲጨርሰው ተመለሱ። ፈረንሳይ በመጨረሻ ለቀቀች፤ ማርሻንም በሶባት ሽቅብ ወጥቶ በአዲስ አበባ አልፎ ጅቡቲ ገባ።

እነዚያ ሳምንታት የራይጌት አካፋዎች ሊወጡ ከሁሉ ይበልጥ የተቃረቡበት ጊዜ ይመስለኛል። አልወጡም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1904፣ ሁለቱ አገሮች ተስማሙ። ምሽጉ የተሠራለት ጠላት ወዳጅ ሆነ።

ሌላም ነገር ነበር። ከመጀመሪያው አንስቶ በባሕር ኃይሉና በምድር ጦሩ መካከል ክርክር አለ። የባሕር ኃይሉ ሰዎች "እኛ ካለን ወራሪ አያርፍም፤ እኛ ከሌለን ደግሞ ምሽግ አያድናችሁም፤ አገሪቱ በረሃብ ትወድቃለች" ይላሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። እንግሊዝ ስንዴዋን ከውጭ ነበር የምታመጣው። መንግሥትም በገንዘብ ሲታይ የነሱ ወገን ነበር። በ1889 የወጣው የባሕር ኃይል ሕግ ለ70 መርከቦች 21.5 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። የለንደን መስመር ያገኘው ከዚያ አጠገብ ሲቀመጥ ፍርፋሪ ነው። በ1905 ጠቅላይ ሚኒስትር ባልፎር ትልቅ ወረራ የሚያሰጋ እንዳልሆነ በምክር ቤት ተናገሩ። በ1906 ድሬድኖት የተባለችው፣ የዘመኑ ኃያል የጦር መርከብ፣ ወደ ባሕር ወረደች። ዕቅዱም በዚያው በ1906 ተተወ። ማዕከሎቹ አንድ በአንድ ለሽያጭ ወጡ። ክላርክ ራሱ ያኔ የመላው ግዛት የመከላከያ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር።

ባከነ ወይስ አልባከነም?

የእኔን ሐሳብ ገና ከላይ ተናግሬያለሁ። አሁን ምክንያቴን ላቅርብ።

በዚያው በ1888 ቤልጂየም ሊዬዥን ማጠር ጀመረች። ጄኔራል ብሪያልሞን 12 ምሽግ በክብ ሠሩ። ኮንክሪት፣ የብረት ጉልላት፣ ከመሬት ብቅ እያለ የሚተኩስ መድፍ። የዘመኑ ድንቅ ሥራ ነበር። ነሐሴ 1914 ጀርመን 420 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዛ መጣች። ምሽጎቹ ሁሉ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደቁ። ሎንሳ የተባለው ምሽግ ግምጃ ቤቱ ሲመታ ከውስጥ ፈነዳ፤ ብዙዎቹ ወታደሮች ዛሬም እዚያው ፍርስራሽ ሥር ናቸው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ የጦርነቱ መልክ ተለወጠ። ሁሉም ሠራዊት ከባሕር እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር አካፋ አንስቶ ጉድብ ቆፈረ። አራት ዓመት የቆየው ያ ነው። ኦስማን ፓሻ ትክክል ነበሩ። የለንደንን መስመር ያቀዱት ሰዎችም ትክክል ነበሩ።

መስመሩስ? በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር በሰሪና በኬንት ለለንደን መከላከያ ጉድብ ተቆፈረ። ራይጌት ምሽግም ተመልሶ ጥይት ማከማቻ ሆነ። በ1940 ፈረንሳይ ወድቃ ጀርመኖች ይሻገራሉ ሲባል የእንግሊዝ ጦር ታንክ ለማቆም የዘረጋው ዋና መስመር በዚህ አካባቢ የሄደው በዚያው በኖርዝ ዳውንስ ግርጌ ነው። የኮንክሪት መተኮሻ ቤቶቹ ዛሬም በየወንዙ ዳር ቆመዋል። የደቡብ ምሥራቅ እዝ ዋና መሥሪያ ቤትም ራይጌት ነበር፤ ከ1941 መጨረሻ እስከ ነሐሴ 1942 የመሩት ጄኔራል ሞንትጎመሪ ናቸው፤ ወደ ግብጽ በረሃ የሄዱት ከዚያ ተነስተው ነው። የ1888ቱ ካርታ በሃምሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ በአዲስ እጅ ተሥሏል። መሬቱ አይዋሽማ።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ዕቅዱ በጥድፊያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ባቡሩ በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ የሱቅ ሠራተኛው ከቤቱ መውጣት አለበት፤ አካፋው መከፋፈል አለበት፤ ቁፋሮው ጠላት ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ይህ ሁሉ አንድም ቀን በእውነት አልተፈተነም። ብፈራ የምፈራው ለኮንክሪቱ አይደለም፤ ለዚያ ሳምንት ነው።

13ቱ ማዕከሎች የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው። ጊልፎርድ አጠገብ ያለው ሄንሊ ፎርት የልጆች የመስክ ትምህርት ቦታ ሆኗል። ቦክስ ሂል ላይ ያለው ተዘግቷል፤ የሌሊት ወፎች ይኖሩበታል። ኬንት ያለው ፎርት ሃልስቴድ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ በ1930ዎቹ መንግሥት ወስዶ የሮኬት ምርምር አደረገበት፣ ከ1947 ጀምሮ ዊልያም ፔኒ የእንግሊዝን የመጀመሪያ አቶሚክ ቦምብ ሥራ ከዚያ መርተዋል። የፈረንሳይን እግረኛ ለማቆም የተሠራ የአካፋ ቤት የአቶም ሰዎች ደጃፍ ሆነ።

ራይጌትን ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለ ድርጅት በ1932 ወሰደው። ለብዙ ዓመት ቁጥቋጦ ዋጠው። ከ2000 በኋላ ተጠርጎና ተጠግኖ በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። አሁን ሰው ውሻውን ይዞ ይገባል። ልጆች ተዳፋቱ ላይ ይንከባለላሉ። ጥሩ ቀን ከሆነ በሰሜን በኩል የለንደን ረጃጅም ሕንፃዎች ይታያሉ፤ በደቡብ ጋትዊክ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ።

ከምሽጉ ብዙም ሳትርቁ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ከኦክ እንጨት የተቀረጹ ሁለት የአውሮፕላን ክንፍ ጫፎች ታገኛላችሁ። መጋቢት 19 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የአሜሪካ ቢ 17 ቦምብ ጣይ ከጀርመን ሲመለስ በመጥፎ አየር ዝቅ ብሎ እየበረረ ይህን ኮረብታ መታ። ዘጠኙም ሰዎች ሞቱ። ፈረንሳይ አልመጣችም፤ ጀርመንም በዚህ በኩል አልወጣችም። ሁለቱ ክንፎች የተተከሉት በእውነተኛው አውሮፕላን ስፋት ልክ ተራርቀው ነው። አንዱ ጋ ቆማችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ የክንፉን ርዝመት በእግራችሁ ትለኩታላችሁ።